የ45 ዓመት ቦርጭ፣ የ75 ዓመት ጭንቅላት

ባለፈው ሳምንት አንድ ሱሪ አንጠልጥዬ ድሬዳዋ፣ አሸዋ ገበያ አጠገብ ወደሚሰፋ ደንበኛዬ ሄድኩ። ወገቡ ይስፋልኝ ነው ጉዳዩ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ለካኝ፤ ሱሪውን ገለበጠና በስተኋላ ያለውን ስፌት በጥፍሩ ከፈት አድርጎ አየው። «አቦ፣ እዚህ ውስጥ እኮ የቀረ ጨርቅ የለም። ባለፈው ጨርሰነዋል» አለኝ። ሱሪውን እዚያው ትቼ ወጣሁ፤ ነገሩ ግን ከሐሳቤ አልወጣም። ቦርጭ ልብስ እንደሚያበላሽ እናውቃለን። ልብንና ስኳርን እንደሚነካም ሐኪም ነግሮናል። ጭንቅላትንስ? ሳገላብጥ ያገኘሁትን እነሆ። ሌላ ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ያውቁ ኖሯል?

◆ አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው። ቁጭ ባልንበት እንኳ ሰውነት ከሚያቃጥለው ጉልበት 20 በመቶ ያህሉን የሚበላው ግን እሱ ነው። ቤት ውስጥ ከሁሉ ትንሹ ልጅ ሆኖ የእንጀራውን አምስተኛ እጅ እንደሚጨርስ ማለት ነው።

◆ ውሃው ቢወጣለት ከአንጎል የሚቀረው አካል 60 በመቶ ያህሉ ቅባት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ተናዶ «ጭንቅላትህ ሞራ ነው» ቢልዎት፣ ከስድቡ ይልቅ ሳይንሱ ይበልጣል።

◆ አማርኛ ሆድንና አእምሮን ለያይቶ አያውቅም። ቂም የሚያዘው በሆድ ነው፤ ምስጢር የሚቀመጠውም በሆድ። ታጋሹ ሆደ ሰፊ ይባላል፣ ቶሎ የሚያለቅሰው ሆደ ባሻ፤ ስናዝን ሆዳችን ይባባል። «ሆድ ከአገር ይሰፋል» ያለ ሰው የወገብ ልክ አልታየውም፤ ስንቱን ችሎ እንደሚይዝ ነው ያሰበው።

◆ ሐኪሞች ስብ ከአንጎል ጋር እንደሚነጋገር በግልጽ ያወቁት ዘግይተው ነው። እስከ 1994 ድረስ ስብ ለክፉ ቀን የተቀመጠ እህል፣ እንደ ጎተራ ዝም ያለ ነገር ተደርጎ ይቆጠር ነበር። በዚያ ዓመት ኒው ዮርክ ያለው የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ጎተራው እንደሚናገር አሳዩ። የስብ ሴሎች ወደ ደም የሚለቁት ሆርሞን አለ፤ አንጎል ደርሶ «ሞልቻለሁ፣ ይብቃህ» ይላል። ስሙ ሌፕቲን ነው፤ በግሪክኛ «ቀጭን» ከሚለው ቃል የመጣ።

ታዲያ ወፍራም ሰው ለምን አይበቃውም? ሌፕቲን አንሶት አይደለም፤ እንዲያውም በብዛት አለው። አንጎሉ ግን መስማት ትቷል። ቀኑን ሙሉ ጡሩምባ ሲነፋ የሚውል ባጃጅ ከጎኑ ቢቆም ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

◆ ቦርጭ ሁሉ አንድ አይደለም። በሁለት ጣት ቆንጥጠው የሚይዙት ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ነው፤ ያን ያህል ክፉ አይደለም። ሌላው የሚቀመጠው ከውስጥ ነው፣ አንጀትንና ጉበትን አቅፎ፤ በግ ሲታረድ እንደ ነጭ ሻሽ ተዘርግቶ የሚወጣው፣ ሞራ የምንለው። አይቆነጠጥም፤ ሆድን ግን አጠንክሮ ወደፊት ይገፋዋል። ሞራ ሥራ ፈት አይደለም። ሰውነትን ቀስ በቀስ የሚያስቆጡ ኬሚካሎች ወደ ደም ይለቃል፣ የኢንሱሊንን ሥራ ያውካል፣ የደም ሥሮችን ያደነድናል። ደም ሥር ደግሞ እግር ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም።

◆ በአንድ ሰው አንጎል ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ቧንቧዎች ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠሉ ወደ 600 ኪሎ ሜትር እንደሚደርሱ ይገመታል። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ በመኪና 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሚተርፈው ከአዲስ አበባም አሳልፎ ይወስድዎታል። በዚያ ርዝመት ላይ ግፊትና ስኳር ሃያ ዓመት ሲመላለሱበት የሚደርሰውን ጉዳት ያስቡት።

◆ ድሮ ሞራ ገላጭ የሚባል ባለሙያ ነበር፤ ከታረደው በግ ሞራ ላይ መጪውን ያነባል። ካሊፎርኒያም ሳታውቀው ሞራ ገላጮች ነበሯት። ከ1964 እስከ 1973 ባሉት ዓመታት ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 45 የሆኑ 6,583 ሰዎች ለጤና ምርመራ ሲመጡ፣ ከጀርባ እስከ ሆድ ፊት ያለው የሰውነታቸው ውፍረት ተለክቶ መዝገብ ላይ ሰፈረ። በአማካይ ከ36 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች መዝገቡን ገለጡት፤ ከእነዚያ ሰዎች ማን የመርሳት በሽታ እንደያዘው ለማየት ነው። ውጤቱ በ2008 ታተመ። ሆዳቸው ከሁሉ የወጣው ወገኖች፣ ከሁሉ ቀጭን ሆድ ከነበራቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ወደ ሦስት እጥፍ የተጠጋ ነበር። ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላው ነው፦ በሚዛን ላይ «ትክክል» የተባሉት፣ ነገር ግን ሆዳቸው ብቻ የወጣው ሰዎችም ከስጋቱ አላመለጡም። ቀጭን እግርና ክብ ሆድ ይዞ «እኔ እኮ ወፍራም አይደለሁም» ለሚል ጓደኛዬ ይህን አንቀጽ ቆርጬ ልሰጠው አስቤያለሁ።

◆ ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2005፣ እነዚሁ ተመራማሪዎች 10,276 ሰዎችን ይዘው ሌላ ነገር አስልተው ነበር። በ40ዎቹ መጀመሪያ ከልክ በላይ የወፈሩት በስተርጅና በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ74 በመቶ፣ መጠነኛ ውፍረት የነበራቸው ደግሞ በ35 በመቶ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ቢሆንም ከ100 ወፍራሞች 74ቱ ይጃጃሉ ማለት አይደለም። ከ100 ቀጫጭኖች አሥሩ ቢያዙ፣ ከ100 ወፍራሞች አሥራ ሰባት ገደማ ይያዛሉ እንደማለት ነው። ሰማንያ ሦስቱ በሰላም ያረጃሉ።

◆ አሁን ደግሞ ተቃራኒው። በ2015 ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ የብሪታንያ ሰዎችን መዝገብ ያገላበጠ ጥናት ወጣ። በመርሳት በሽታ ይበልጥ የተጠቁት ቀጫጮቹ ሆነው ተገኙ፤ በ34 በመቶ! ወፍራሞቹ እንዲያውም የተሻሉ ነበሩ። እንዲህ ያለ ዜና በርጫ (የጫት ወግ) ላይ ቢደርስ ምን እንደሚያመጣ የድሬ ሰው ያውቃል፤ ምርቃና ላይ ሁሉም ሐኪም ነው፣ ጮማም ሆነ ዶሮ ወጥ የሚሟገትለት አያጣም።

መፍቻው ከሦስት ዓመት በኋላ መጣ። ከብዙ አገር የተሰበሰበ የ1.3 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ሲታይ፣ ጉዳዩ የተመዘኑበት ጊዜ ሆነ። በሽታው ከመታየቱ ከ20 ዓመት በፊት ሲመዘኑ፣ ስጋት ያለባቸው ወፍራሞቹ ናቸው። በሽታው ሊወጣ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ሲመዘኑ ግን ቀጫጮቹ። ምክንያቱም በሽታው ሰውየውን ከማስረሳቱ በፊት ያከሳዋል። ቅጥነቱ የበሽታው ጥላ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ 70 ዓመት ያለፋቸው እናትዎ ሳይጾሙና ሳይታመሙ ቀሚሳቸው ቢሰፋቸው፣ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው።

◆ ልክ እንደ ዱቄት በሚዛን የሚለካንን ቢ.ኤም.አይ. (ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽር መለኪያ) የፈለሰፈው ሐኪም አልነበረም። አዶልፍ ኬትሌ የሚባል ቤልጅየማዊ የከዋክብትና የቁጥር ሊቅ ነው፤ ቀመሩን በ1830ዎቹ ሲያወጣ «አማካይ ሰው» ምን ይመስላል የሚል ጥያቄ ይዞ እንጂ የማንንም ጤና ሊመረምር አልነበረም። የዛሬ ስሙን የሰጠው አሜሪካዊው አንሴል ኪስ ነው፣ በ1972፤ ያጠናውም ከ7 ሺህ በላይ ወንዶችን ብቻ። ሴቶችስ? እነሱም በዚያው ቀመር ይመዘናሉ።

◆ ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ ኪሎዎን ለቁመትዎ በሜትር ያካፍሉ፣ የወጣውን እንደገና ለቁመትዎ ያካፍሉ። 1.70 ሜትር ቁመትና 85 ኪሎ ያለው ሰው 29.4 ይወጣለታል። ከ25 በላይ ክብደት ጨምሯል ይባላል፤ ከ30 በላይ ከልክ ያለፈ ውፍረት።

◆ ይህ ወሰን ለእኛ በልካችን የተሰፋ አይመስልም። ከ1984 ጀምሮ በዘመቻ ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን እዚያ ሲደርሱ ስኳር በሽታ እምብዛም አያውቃቸውም ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥሩ አሻቀበ፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶችም ኢትዮጵያውያኑ በስኳር የሚያዙት ከሌላው ነዋሪ ባነሰ ክብደት እንደሆነ አሳዩ። አበሻ ሲወፍር ሚዛኑ ሳይናገር ሆዱ ቀድሞ ይናገራል።

◆ በ2016ቱ የአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው የኢትዮጵያ ሴቶች 8 በመቶዎቹ ከመጠን በላይ ወፍረው ተገኝተዋል። በ2000 ይህ ቁጥር 3 በመቶ ነበር። በዚያው ጥናት 22 በመቶዎቹ ደግሞ ከሚገባው በላይ ቀጭን ነበሩ። ውፍረቱ የበረታው ከተማ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ፣ ድሬዳዋና ሐረሪ ከፊት ተሰልፈዋል።

◆ ስለ ቅጥነትና ውፍረት በአንድ አገር ሲወራ፣ ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚገባው ጉዳይ ይህ ይመስለኛል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረሃብ ሰሜን ወሎን ሲመታ በእናታቸው ማህፀን የነበሩ፣ ወይም ገና ጡት የሚጠቡ ልጆች ነበሩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ተመራማሪዎች ራያ ቆቦ ወርደው እነዚያን ልጆች ፈለጉ፤ ጎልማሶች ሆነው አገኟቸው። ረሃቡን በማህፀን ወይም በጨቅላነት ያሳለፉት ሰዎች በማሰብና በማስታወስ ፈተና ያመጡት ነጥብ፣ ረሃቡ ካለፈ በኋላ ከተወለዱት ያነሰ ሆነ። ሌላ ጥናት ደግሞ በማህፀን ሳሉ ረሃብ ባገኛቸው ላይ የወገብ ስፋት፣ የደም ግፊትና የስኳር ችግር አንድ ላይ ተሰብስቦ እንደሚታይ አሳየ።

ሆላንዶችም ይህን አይተዋል። በ1944 እና 1945 የብርድ ወራት ናዚዎች ምግብ ሲከለክሏቸው የተፀነሱት ልጆች፣ ስድሳ ዓመት ሲጠጉ ትኩረት በሚጠይቅ ፈተና ላይ ወደኋላ ቀሩ። በጽንስነታቸው የመጀመሪያ ወራት ያው ረሃብ ያገኛቸው ሴቶች ደግሞ በጎልማሳነታቸው ይበልጥ ወፈሩ። በማህፀን የተራበ አካል ዓለምን ችጋር ያለበት ቦታ አድርጎ ይማራል፤ ያገኘውን ሁሉ ያከማቻል፤ በኋላ ጥጋብ ሲመጣ ማቆም ይከብደዋል የሚል መላምት አለ።

አሁን ዓመቱን ይቁጠሩ። የ77ቱ ልጆች ዛሬ 40ዎቹ መጀመሪያ ላይ ናቸው። ካሊፎርኒያ ላይ ሆድ የተለካበት ዕድሜ በትክክል ይኸው ነው። ከእነዚያ ልጆች ስንቱ ከወሎ ተነስቶ ድሬ መጥቶ ነጋዴ፣ ሾፌር፣ አስተማሪ ሆኗል? እኔ ሁለት አውቃለሁ፤ የሁለቱም ቀበቶ ላይ በምስማር የተበሳ ተጨማሪ ቀዳዳ አለ።

◆ ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ባቡሩ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ ነው። ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ በ1902 (በእኛ 1895 ዓ.ም.) ከተራራው ሥር ሜዳው ላይ ደረሰ፤ ከተማዋም «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። ሜዳነቷ ለእግርና ለብስክሌት የተመቸ ነው። ከመጋላ ከዚራ ለመሻገር የደቻቱን ደረቅ አሸዋ በእግር ማቋረጥ የዕለት ሥራ ነበር። ዛሬ አሥር ደቂቃ ለማይሞላ መንገድ እጅ ዘርግተን ባጃጅ እናስቆማለን፤ እኔም ጭምር። ፀሐዩ ነዋ!

◆ ፀሐዩ ነገር አለው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ከአወዳይ የመጣው ጫት ይፈታል። ጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖን የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ቶሎም ኃይሉን ስለሚያጣ ነው የትናንቱን ማንም የማይፈልገው። እስቲ ከጫቱ ጎን ያለውን ይዩ፦ ሙሸበክ፣ በስኳር የተሞላ ሻይ፣ የለስላሳ ጠርሙሶች። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ወደ 32 ግራም ስኳር አለው፤ የሻይ ማንኪያ ቢቆጥሩ ስምንት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ትልቅ ሰው ለሙሉ ቀን ቢቻል ከ25 ግራም እንዳያልፍ ይመክራል። ምርቃናው አፍ ይዘጋል እንጂ ጉሮሮ አይዘጋም።

ጫት ቃሚ ይከሳል የሚለው ብሂል ላይ እምነት የለኝም። የሚከሳው ገራባ ቆጥሮ የሚቅመው ነው፤ ገንዘብ ያለው ከቀትር እስከ ማታ ሳይነቃነቅ ይቀመጥና ሲነሳ ፈቲራ ወይም ሩዝ በስጋ ይጠብቀዋል።

◆ አዲስ አበባ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ጄሪካን ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚገኘው «የሚረጋ ዘይት» ድሬ ሲመጣ አይረጋም። ዘይቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሙቀቱ ነው። ከፓልም የሚወጣ ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ቅባት ነው። ባለ ሳምቡሳዋ መጥበሻ ላይ እንደ ውሃ ጥርት ብሎ ሲንፎለፎል ማንም አይጠረጥረውም።

◆ ጾም ያከሳል ማለትም ያጠያይቃል። ሽሮው ላይ የሚፈሰውን ዘይት፣ በረመዳን ማታ የሚሰለፈውን ሳምቡሳ ያየ ያውቃል።

◆ ማንኮራፋት የጥጋብ ምልክት አይደለም። አንገት ላይ የተከማቸ ስብ በእንቅልፍ ጊዜ የአየር መንገዱን ይዘጋዋል። ሰውየው ያንኮራፋል፣ ድንገት ጸጥ ይላል፣ ከዚያ እንደሰመጠ ሰው ተንሥቶ ይተነፍሳል። በእያንዳንዱ ጸጥታ ደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ በአንድ ሌሊት በአሥሮች ለሚቆጠር ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። ማስታወስ የሚባለው ሥራ ደግሞ በአብዛኛው የሚደራጀው በእንቅልፍ ነው። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት አልጋ አውጥቶ ግቢ ውስጥ በሚተኛበት ከተማ ይህን በሽታ ጎረቤት ከሐኪም ቀድሞ ያውቀዋል። የወንድ አንገት ዙሪያ ከ43 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ይጠርጥሩ። ሸሚዝ ሲገዙ ኮሌታው ላይ የተጻፈ ቁጥር አለ።

◆ ወፍራም ሰው ሞኝ ነው የሚል ጥናት የለም፤ እንዲህ የሚል ካለ ጽሑፉን ይጣሉት። በ2016 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች የ473 ሰዎችን አንጎል በምስል አዩ። የወፍራሞቹ አንጎል ውስጥ ያለው ነጭ ክፍል (የአንጎልን አካባቢዎች የሚያገናኘው ገመድ ማለት ነው) በመጠኑ አንሶ፣ ከእነሱ በአሥር ዓመት የሚበልጡ ቀጫጭን ሰዎችን መሰለ። በዕውቀት ፈተና ግን ልዩነት አልተገኘም። ገመዱ ሳስቷል፤ መብራቱ ገና አልጠፋም።

◆ ሌሎች ጥናቶች ልዩነት ሲያገኙም ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ የሚታየውም በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ ነው። ስም መርሳት አይደለም። ማቀድ፣ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው መዝለል፣ «በቃኝ» ብሎ ራስን መግታት ነው። አስቸጋሪው ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ራሱን መግታት የሚከብደው ሰው ይወፍራል ወይስ የወፈረ ሰው ራሱን መግታት ይከብደዋል? ሁለቱም አቅጣጫ ማስረጃ አለው። በዘር ለውፍረት የተጋለጡ ሰዎችን የተከተሉ ጥናቶች ደግሞ ውፍረቱ ብቻውን አልዛይመርን ያመጣል ለማለት በቂ ነገር አላገኙም። ጉዳቱ በአብዛኛው በስኳር፣ በግፊትና በእንቅልፍ በኩል ዞሮ የሚመጣ ይመስላል።

◆ እስቲ ራስዎን ይፈትኑ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚያውቋቸውን እንስሳት ስም ይጥሩ። ሐኪሞች በእርግጥ የሚጠቀሙበት ፈተና ነው። ወይም ከ100 ላይ ሰባት ሰባት ይቀንሱ፦ 93፣ 86፣ 79… ችግሩ፣ ይህ ሁለተኛው ፈተና ትምህርት ቤት ያልገባን ሰው ይበድላል። ለዚህም ነው ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ሰዎች የሚሆን ሌላ ፈተና የተዘጋጀው። ቀፊራ ገበያ ውስጥ ፊደል ሳትቆጥር የሃያ ደንበኛ ዱቤ በቃሏ የምትይዝ ሽንኩርት ሻጭን በወረቀትና በእርሳስ ፈትኖ «ደከመች» የሚል ሰው፣ መጀመሪያ ከእሷ ጋር ሂሳብ ይተሳሰብ።

◆ ድንጋጤ እንዳይበዛ አንድ ቁጥር፦ በ2024 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን ከመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉ ሊከላከሉት ወይም ሊያዘገዩት ከሚቻሉ 14 ምክንያቶች ጋር የተያያዘ ነው ብሏል። የውፍረት ድርሻ 1 በመቶ ነው። የመስማት ችግር 7፣ በልጅነት ትምህርት ማጣት 5። ውፍረት ትንሹ ወንድም ይመስላል፤ ስኳር፣ የደም ግፊትና እንቅስቃሴ ማጣት ግን እያንዳንዳቸው 2 በመቶ ይዘው ከጀርባው ቆመዋል።

◆ ስፖርት ብቻውን እንደሚባለው አያከሳም። በ2012 ታንዛኒያ ውስጥ አድነውና ሥር ቆፍረው የሚኖሩት ሀድዛዎች በቀን የሚያቃጥሉት ጉልበት ተለክቶ፣ ሰውነታቸው ግምት ውስጥ ሲገባ ቢሮ ከሚውለው ፈረንጅ አልበለጠም። ከሳምንት ሩጫ በኋላ ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም ብለው ያዘኑ ይጽናኑበት።

◆ ለጭንቅላት ግን ይሠራል። በ2011 አሜሪካ ውስጥ 120 አረጋውያን ተመረጡ፤ ግማሾቹ ለአንድ ዓመት በሳምንት ሦስት ቀን፣ 40 ደቂቃ አካባቢ እንዲራመዱ ተደረገ። ትዝታን የሚያደራጀው የአንጎል ክፍል፣ ሂፖካምፐስ፣ በእነሱ ላይ 2 በመቶ ያህል ሲጨምር፣ ሰውነት ማፍታታት ብቻ ይሠሩ በነበሩት ላይ ቀነሰ። ሩጫ አላሉም፤ እርምጃ ነው። የድሬ ሰው 11 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ስትበርድ፣ ከዚራ ዛፎች ሥር የሚያደርገው ያው ነገር፤ ብቻ በየአሥር እርምጃው ቆሞ ሰላምታ ካላረዘመ።

◆ በ2015 የፊንላንድ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 77 የሆኑ 1,260 ሰዎችን ለሁለት ዓመት ይዘው፣ ለግማሾቹ አመጋገብ፣ እንቅስቃሴ፣ የአእምሮ ልምምድና የግፊት ክትትል አንድ ላይ ሰጧቸው። የማሰብ አቅማቸው ተራ ምክር ብቻ ከተሰጣቸው የተሻለ ሆነ። ከአራቱ የትኛው እንደሠራ ግን ጥናቱ ነጥሎ አይለይም።

◆ መርፌውስ? ሰሞኑን ለማክሳት የሚታዘዘውን ሴማግሉታይድ የሚሠራው የዴንማርክ ኩባንያ መድኃኒቱን በኪኒን መልክ በአልዛይመር ሕመምተኞች ላይ ሞክሮ፣ በ2025 መጨረሻ በሽታውን እንዳላዘገየ አስታወቀ። ለ40 ዓመት ሰው ከመታመሙ በፊት ቢሰጥ ምን ያደርጋል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ያንን ለመመለስ ሠላሳ ዓመት መጠበቅ ይጠይቃል።

◆ «ወፈርክ፣ ተመቸህ!» የሚል ሰላምታ በሌላ አገር ጠብ ያስነሳል። እኛ ዘንድ ምርቃት ነው። ረሃብ በቅርብ የሚታወስበት አገር ላይ መሆኑ አይገርምም፤ ለአራስ ገንፎው በቅቤ የሚሞላውም ለዚሁ ነው። እናቴ ዛሬም ድረስ ከስልኩ ጫፍ የምትጠይቀኝ «ሥጋ ገብቶልሃል?» ብላ ነው።

◆ ቤት ውስጥ ሚዛን ከሌለ ክር ይበቃል። ከራስ ቅል እስከ ተረከዝ ቁመትዎን በክር ይለኩ፣ ክሩን ለሁለት ያጥፉት፣ ከዚያ በእምብርት ዙሪያ ያዙሩት፤ ሆድ ሳይጎትቱ፣ ትንፋሽ ሳይዙ። ሁለቱ ጫፍ ከተገናኘ ደህና ነዎት፤ ወገብ ከቁመት ግማሽ ማለፍ የለበትም የሚል ምክር የብሪታንያ ሐኪሞችም በ2022 ተቀብለውታል።

ይህን ያደረግኩት ሱሪዬን ልቀበል በሄድኩ ዕለት በልብስ ሰፊው ነጭ ክር ነው። ቁመቴ 172፣ ግማሹ 86። የክሩ ሁለት ጫፍ አልተገናኙም፤ በመካከላቸው ከአራት ጣት በላይ ቀረ። ልብስ ሰፊው ክሩን ተቀብሎ ወደ ጥቅሉ መለሰ፣ ሱሪዬን አውጥቶ አሳየኝ። ከኋላ በኩል ከሌላ ጨርቅ የተቆረጠ ሦስት ማዕዘን ገብቶበታል፤ ቡናማው ከሱሪው ቡናማ ትንሽ ይደምቃል። ሸሚዙን ከላይ ካወጣሁት አይታይም አለኝ።